በሰኔ መግቢያ ከጅማ ወጥቶ የውኃ ወፎችን ለመመልከት

ሰኔ ሲገባ አውሮፓና እስያ ውስጥ የሚዋለዱት መጻተኛ ወፎች አብዛኞቹ ስለሄዱ፣ በከተማው ዳርቻ ባለው የቦዬ ረግረግም ሆነ በአዲስ አበባ መንገድ በሚገኘው የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ትኩረትዎ በነባሮቹ ላይ ይሁን። ለጀማሪ ቅርብ የሆነውን ቦዬን እመርጣለሁ።

ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይድረሱ፤ ፀሐይዋን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙ፣ አለዚያ የወፉ ቀለም ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይታያል። መነጽሩ 8 በ42 የሆነ ባይኖኩላር ቢሆን ይበቃል፤ 8 የማጉላት አቅሙን፣ 42 ደግሞ የፊት መስተዋቱን ስፋት በሚሊሜትር ያመለክታል። መጀመሪያ ወፉን በዓይንዎ ይያዙት፣ ከዚያ ዓይንዎን ሳይነቅሉ መነጽሩን ያንሡ።

ከሣሩ መካከል አንገቱን ቀና የሚያደርገውን፣ በራሱ ላይ እንደ ደረቀ ሣር የቆመ ወርቃማ ጉትዬ ያለውን ባለ ዘውድ ወፍ ቸኩለው አይቅረቡት፤ ባለበት ቢተዉት ግን ጉትዬው በነፋስ ሲርገበገብ ለማየት ይታደላሉ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኘውን ቆልማማ ምንቃር ያለውን ኢቢስ የተባለ ወፍ፣ ሲበር በሚያሰማው ጩኸትና በክንፉ ላይ በሚታየው ነጭ ምልክት ይለዩታል።

በቦዬ ጉማሬ ስላለ በእንስሳውና በውኃው መካከል ፈጽሞ አይቁሙ። ጎጆ ካዩም ወዲያው ይራቁ፤ እናትየዋ ስትነሣ እንቁላሉ ለብርድና ለቁራ ይጋለጣልና። ያዩትን ወፍ፣ ሰዓቱንና ቦታውን በማስታወሻ ደብተርዎ እዚያው ሳሉ ይመዝግቡ።