በሥራ ላይ የተማራችሁትን ሙያ በሲኦሲ እንዴት ታስመሰክራላችሁ?

ሳይት ላይ ዓመታት የቆየ ኤሌክትሪሺያን አስቡ። የአንድን ቤት መስመር ዓይኑን ጨፍኖ ይዘረጋል። የሥራ ማስታወቂያው ግን «ደረጃ 3፣ ሲኦሲ ያለው» ይላል። እሱ ጋ ይህ የሙያ ብቃት ምዘና ወረቀት የለም። ትናንት መሰላል ይይዝለት የነበረው ልጅ ኮሌጅ ገብቶ፣ ወረቀቱን ይዞ፣ አለቃው ሆኖ ይመጣል።

እዚህ ጋ ሲደርስ ብዙ ሰው «በቃ፣ የማታ ከሀ ልጀምር» ይላል። ባይቸኩል ደስ ይለኛል። የምታውቁትን ነገር ከፍላችሁ ሁለት ዓመት መስማት የጊዜም የገንዘብም ኪሳራ ነው። የሙያ ብቃት ምዘናው፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው፣ ዋናው ጥያቄው ሥራውን ትችላላችሁ ወይ ነው። ሙያውን በሥራ ላይ የለመደ ሰውም መመዘን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን ለኩ፤ የጎደለውን ብቻ ተማሩ።

1. ሙያችሁን በትክክለኛ ስሙ ፈልጉት

«ኤሌክትሪክ እሠራለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። የሕንፃ ዝርጋታ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የፋብሪካ ማሽን ጥገናም እንዲሁ። ምግብ ዝግጅትም፣ ልብስ ስፌትም፣ አውቶ መካኒክም የየራሳቸው «የሙያ ደረጃ» የሚባል ሰነድ አላቸው። ሰነዱ ሙያውን በክፍል በክፍል ይተነትነዋል፤ በየደረጃው ምን መቻል እንዳለባችሁ ይዘረዝራል። ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ወይም የምዘና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። አብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። ይህን መዝለል ግን አይሆንም።

በየትኛው ደረጃ እንደምትመዘኑም እዚያው ጠይቁ። ደረጃው ከፍ ሲል የታችኛው ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ በዚያው ጻፉት፤ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ፎቶ የተለመዱ ናቸው።

2. ራሳችሁን ለኩ

ዝርዝሩን ይዛችሁ እርሳስ አንሡ። ሁልጊዜ የምትሠሩትን አንድ ምልክት፣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥማችሁን ሌላ፣ ነክታችሁ የማታውቁትን ደግሞ ሌላ ምልክት አድርጉበት። ማንም አያየውምና አታዳሉ።

ውጤቱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የእጅ ሥራው ሞልቶ ይገኛል። የሚጎድለው ፕላን ማንበብ፣ ሒሳቡ፣ የደህንነት ሥርዓቱና የሠሩትን በጽሑፍ ማስፈር ነው።

የእንጀራ ምጣድን እንውሰድ። 3500 ዋት ነው እንበል። ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልት ነው። 3500ን ለ220 ስታካፍሉት 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ባለ16 አምፔር ብሬከር ላይ ምጣዱ ብቻውን ጫፍ ደረሰ ማለት ነው። በዚያው መስመር ላይ ስቶቭ ከተጨመረ ብሬከሩ ይወርዳል። የለመደ ባለሙያ ለምጣድ ለብቻው ወፍራም ሽቦ፣ ባለ4 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ እንደሚዘረጋ ያውቃል። «ለምን?» ሲባል ግን ይያዛል። አንዳንዱማ ብሬከሩ ሲያስቸግረው ሽቦውን እንዳለ ትቶ ብሬከሩን በትልቅ ይቀይረዋል። ከዚያ በኋላ የሚግለው ሽቦው ነው፤ ያውም ግድግዳ ውስጥ። ምዘናው ይህን ሒሳብ የሚጠይቀው ወዶ አይደለም።

3. ክፍተቱን ብቻ ሙሉ

አዲስ አበባ ያላችሁ ተግባረ ዕድን፣ እንጦጦን፣ ጄኔራል ዊንጌትን፣ ንፋስ ስልክን የመሳሰሉ የመንግሥት ኮሌጆች ሄዳችሁ ስለ አጫጭር ሥልጠና ጠይቁ። ክልል ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ካለው ፖሊቴክኒክ ጀምሩ። ስትጠይቁ «ሥልጠና አላችሁ?» አትበሉ። «ፕላን ማንበብና የጭነት ሒሳብ ብቻ፣ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ» በሉ። እንዲህ ለይቶ የጠየቀ ሰው ለይቶ መልስ ያገኛል።

የግል ኮሌጅ ከሆነ ዕውቅናው ለዚያ ሙያ፣ ለዚያ ደረጃና ለዚያ ካምፓስ መሆኑን ሳታዩ ብር አትክፈሉ። በር ላይ የተሰቀለ ትልቅ ባነር ዕውቅና አይደለም። «ሲኦሲውን እኔ እጨርስላችኋለሁ» የሚል ደላላም አይጠፋም። ሽሹት። ሐሰተኛ ወረቀት ሲጣራ ይገኛል፤ ያን ጊዜ የምታጡት የነበራችሁን ሥራ ነው።

ለልምምድ ደግሞ ከሥራ ቦታችሁ የተሻለ አታገኙም። ፎርማኑን «ነገ ፕላኑን እኔ ላንብበው» በሉት። አብዛኛው እምቢ አይልም።

4. ከአሠሪያችሁ ጋር ተነጋገሩ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትምህርትና የሥልጠና ፈቃድን ዝርዝር ለህብረት ስምምነት ወይም ለሥራ ደንብ ትቶታል። ስለዚህ የድርጅታችሁን ደንብ አንብቡ። እዚያ ምንም ካልተገኘ የዓመት ፈቃድ አለ፤ በአዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ጥቂቱን ለምዘናው ሰሞን አስቀሩ። የሥራ ልምድ ደብዳቤውንም ቀድማችሁ ጠይቁ። ደብዳቤው «ሠራተኛ ነበር» ብሎ እንዳያልፍ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደምትሠሩ ይዘርዝር።

5. የምዘናው ቀን

የንድፈ ሐሳብና የተግባር ክፍል አለው። ልምድ ያለው ሰው የሚያሰጋው ፈተናው መክበዱ ሳይሆን የራሱ ፍጥነት ነው። መዛኙ መጨረሻ ላይ አምፖሉ መብራቱን ብቻ አያይም። ከመጀመሪያው ጀምሮ እጃችሁን እየተከተለ ይመዘግባል። ብሬከሩን አወረዳችሁ? ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጣችሁ? ጓንት አደረጋችሁ? የተላጠው ሽቦ ከማያያዣው ወጥቶ ይታያል? ስትጨርሱ ዕቃውንና ቁርጥራጩን ሰበሰባችሁ? ሳይት ላይ «ኧረ ተወው» የሚባሉት ነገሮች ሁሉ እዚህ ነጥብ አላቸው።

ስለዚህ ዝግ በሉ። የምትሠሩትን ለምን እንደምትሠሩት ሲጠየቅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ለመመለስ ቀድማችሁ ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። ጥያቄው ካልገባችሁ «ይድገሙልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ውጤቱ ብቁ ካልሆነ የት ክፍል ላይ እንደጎደላችሁ ጠይቁ። ያንን ሞልቶ እንደገና መመዘን ይቻላል። ብቁ ከሆነ ደግሞ ሰርተፊኬቱን ተቀብላችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ ስማችሁን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንብቡት። ከመታወቂያችሁ ጋር በአንዲት ፊደል ቢለያይ እዚያው አስተካክሉት፤ በኋላ ለማስቀየር መመላለሱ ሌላ ጣጣ ነው።