ቮልስ በሌጎ ለመሥራት ከጎማው ጀምሩ

ደብረ ማርቆስ ላይ ክረምት ሲገባ ከቤት የሚያስወጣ ነገር የለም። ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል፤ እኔም ሰፌድ ሙሉ ሌጎ፣ ያንን እርስ በርስ የሚገጣጠም የፕላስቲክ መጫወቻ ጡብ፣ ይዤ መስኮት ሥር ቁጭ እላለሁ። አዎ፣ ሰፌድ። ትንሽ ነቅነቅ ስታደርጉት ጡቡ ይዘረጋል፣ የምትፈልጉት ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። እናቴ ሰፌዷን ስትፈልግ የሚሆነው ሌላ ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው አሮጌ መኪና ልሥራ ሲል ከኮፈኑ ይጀምራል። እኔም እንደዛ ነበርኩ። ሦስት ቀን ለፍቼ ያማረ ቮልስ ሠራሁና ልክ የሚሆነው ጎማ አጣሁ፤ ያለኝን ባስገባለት ትራክተር መሰለ። ጡብ ቢጎድል በሌላ ይተካል፣ ጎማ ግን ያለው ያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የእውነተኛው ቮልስ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 66 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው የሌጎ ጎማ 3 ሳንቲሜትር ከሆነ መኪናውን 22 ጊዜ ታሳንሱታላችሁ። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ8 ሳንቲሜትር ነው፤ ለ22 ስታካፍሉት 18 ሳንቲሜትር ተኩል ይመጣል። ጡቡ ላይ ያሉት ክብ ጉብታዎች በ8 ሚሊሜትር ልዩነት ስለተቀመጡ 23 ጉብታ ማለት ነው። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2 ሜትር ከ40፣ እሱ 14 ጉብታ። ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል፤ አንድ ጡብ 9.6 ሚሊሜትር ስለሆነ ከመሬት እስከ ጣሪያ 7 ጡብ። ወርዱ ወደ 9 ጉብታ ይጠጋል፣ እኔ ግን 8 አደርገዋለሁ፤ ጎዶሎ ሲሆን ባለ ሁለት ጉብታ ጡቦቹ መሃል ላይ አልቀመጥ ብለው ያናድዳሉ።

ሻንሲውን በረጃጅም ስስ ጡቦች ሥሩ። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ እንዳይውል ብቻ፣ ግንበኛ ብሎኬት እንደሚደረድረው።

አሁን ፈተናው መጣ፦ ክብነቱ። ቮልስ ቀጥ ያለ ነገር የለውም። ተዳፋት ጡብ ካላችሁ እሰየው፤ ከሌላችሁ በስሱ ጡብ ተጫወቱ፣ ሦስቱ አንድ ወፍራም ጡብ ያክላሉ። ከታች ሦስት ስስ ደርባችሁ አንድ ጉብታ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ቀጥሎ ሁለት ደርባችሁ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ ደርባችሁ አንድ፣ ጣሪያው ጋ ስትደርሱ አንድ ደርባችሁ ሁለት ግቡ። በቅርብ ጥርስ ጥርስ ይላል። ሁለት እርምጃ ራቅ ብላችሁ እዩት፣ ይከባል።

ለፓራፋንጎው ጡብ በጎኑ ማስተኛት ሊኖርባችሁ ይችላል። አምስት ስስ ጡብ ሲደረብ 16 ሚሊሜትር፣ ማለትም ልክ ሁለት ጉብታ ስለሚሆን ያለ ክፍተት ይገጥማል። በጎኑ ጉብታ ያለው ጡብ ግን ያስፈልጋችኋል።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ፊቱ ላይ የራዲያተር ፍርግርግ ካደረጋችሁ የሚያውቅ ሰው ይስቅባችኋል። የኋላ መስታወቱንም ልብ በሉ፦ እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ለሁለት የተከፈለ ነበር፣ ከዚያ የእንቁላል ቅርጽ ያዘ፣ ከ1957 በኋላ ሰፋ። በዚህች ትንሽ መስታወት ብቻ የመኪናው ዕድሜ ይታወቃል።

ክቡ ካስቸገራችሁ ኤንትሬ ሥሩ። ያ ዓባይ በረሃን ሲወርድ ሲወጣ የኖረው የፊያት የጭነት መኪና ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ጋቢናውም ስፖንዳውም ሳጥን ነው፣ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል።

ጡብ በከረጢት ስትገዙ ሁለቱን አጋጥማችሁ አራግፉት። የሚላቀቅ ከሆነ ተዉት፤ አንዴ ሳልፈትሽ ገዝቼ ግማሹ አልይዝ ብሎኛል። አሮጌ ከሆነ ለብ ባለ ውኃ እጠቡት፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል።

ቀለም ካለቀባችሁ አትጨነቁ። የኔው ቮልስ ሰማያዊ ሆኖ አንዱ በሩ ቀይ ነው፣ ያየው ሁሉ ደግሞ «ይሄ የሚነዳ መኪና ነው» ይለኛል።