መለዮ ለብሰን ሰላማዊ ሰው ስናክም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስ ወጣት የሠራዊት ነርስ ነበርኩ። ከወታደሩ ጋር የቆሰለ ገበሬና እረኛ በቃሬዛም በግመልም ይመጣልን ነበር። ዛሬ መለዮ ለብሳችሁ የምታክሙ ልጆቼ፣ ያኔ የተሳሳትነውን አትድገሙብኝ።

ሳያክሙ መጠየቅ። «ከየት መጣህ? ማን መታህ?» የሚለው ጥያቄ ከባለ መለዮ አፍ ሲወጣ ቁስለኛው ሕመሙንም ይደብቃል። የጦርነት ሕግ የሆኑት የጄኔቫ ስምምነቶች ቅድሚያ የሚሰጠው ለባሰበት ቁስለኛ መሆኑን ይደነግጋሉ፤ የእኛ ይሁን የሌላ አይልም።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ። አንዲት እናት ሆዷን ይዛ መጣች፤ የሚያስተረጉምላት አሥር ዓመት የማይሞላው ልጇ ነበር። «ደሙ ከየት ነው የሚፈስሽ?» ስንል ልጁ አቀረቀረ፣ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የጽዳት ሠራተኛችን መጋረጃውን ስባ በኦሮምኛ «አዮ፣ ኤሳቱ ኢሲን ዱኩባ?» (እናቴ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?) አለቻት። ነፍሰ ጡር መሆኗን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ኦሮምኛና ሶማሊኛ የምትችል ሴት ሁልጊዜ አጠገባችሁ ትኑር።

«ጫት ቅሞ ነው» ብሎ ማለፍ። ጫት በእርግጥ የልብ ምት ያፈጥናል። የሚደማ ሰው ልብም ይፈጥናል። ምላሱ አረንጓዴ ሆነ ብላችሁ አትዘናጉ፤ እጁን ዳብሱ፣ ጥፍሩን ተጭናችሁ ልቀቁ። እጁ ከቀዘቀዘ፣ ጥፍሩም ከሁለት ሰከንድ በላይ ነጥቶ ከቆየ ደም እየጎደለው ነው።

የጥይትና የፍንጣሪ ቁስልን ወዲያው መስፋት። በጣም የምቆጭበት ይህ ነው። አንድ እረኛ ጭኑ ላይ ተመትቶ መጣ፤ ስፌቱን አሳምረን ላክነው። በሦስተኛው ቀን ወንድሙ ተሸክሞ መለሰው፤ ሽታው ከበር ይሰማል። ክሩን ስንፈታ ከመግሉ ጋር የሽርጡ ቁራጭ ወጣ። ጥይት ልብስና አፈር ይዞ ነው የሚገባው። ስለዚህ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ የሞተው ሥጋ በባለሙያ ይወገድ፣ በፋሻ ተሸፍኖ ክፍቱን ይቆይ፤ ንጹሕ ከሆነ ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ ይሰፋል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አይረሳ።

«ነገ ተመለስ» ማለት። ቤቱ የሁለት ቀን መንገድ ለሆነ ሰው ይህ ቀጠሮ አይደለም። ያንን እረኛ ሁለተኛ ጊዜ ስንሸኘው ፋሻውን ወንድሙ እጅ ላይ አስቀምጠን፣ እጁን ታጥቦ ፊታችን እንዲጠቀልል አደረግን፤ ሦስት ጊዜ አስፈታነው።