ባርኮድ ከማሳተማችሁ በፊት፣ የት እንደሚነበብ እወቁ

ጅማ መርካቶ አካባቢ ቡና ቆልተው ለሚያሽጉና ማር ለሚያዘጋጁ ሰዎች ስቲከር አትማለሁ። «ባርኮድ አድርጊልኝ» ሲሉኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ዕቃው የት እንደሚሸጥ ነው። ዓይነቱን የሚወስነው እሱ ነው።

ሱፐርማርኬት የሚገባ ከሆነ ኢኤኤን-13 የሚባለው ባለ13 አሃዝ ባርኮድ ያስፈልጋችኋል። ቁጥሩን የሚሰጠው ጂኤስ1 የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እንጂ ማተሚያ ቤት አይደለም። ከኢንተርኔት የተለቀመ ቁጥር የሌላ ሰው ብስኩት ሊሆን ይችላል፤ እባካችሁ አትሞክሩት። ግማሽ ኪሎውም አንድ ኪሎውም የየራሱ ቁጥር ይኑረው፤ የተቆላውና የተፈጨውም እንደዚሁ። ዋጋው ግን ባርኮዱ ውስጥ የለም። የሱቁ ኮምፒውተር ነው በቁጥሩ ፈልጎ የሚያወጣው። ስለዚህ ዋጋ ስትጨምሩ ባርኮድ አትቀይሩም።

በራሳችሁ ሱቅ ብቻ የምትሸጡ ከሆነ ከ20 እስከ 29 የሚጀምሩት ቁጥሮች ለውስጥ አገልግሎት የተተዉ ናቸው። 200000000015 ብላችሁ ጀመራችሁ እንበል። 13ኛው አሃዝ ማረጋገጫ ነው። ከግራ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያላችሁ እስከ 12ኛ ያሉትን ደምሩና በ3 አባዙ፤ እዚህ 15 ይመጣል። የቀሩትን 2 እና 1 ስትጨምሩበት 18 ይሆናል። 20 ለመሙላት 2 ይጎድላል፤ የመጨረሻው አሃዝ 2 ነው።

አሁን ወደ ቀለም። ብዙ ደንበኞቼ ከፓኬቱ ጋር እንዲሄድላቸው ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ መስመር ይፈልጋሉ። አይሆንም! የብዙዎቹ ስካነሮች ብርሃን ቀይ ስለሆነ ቀይ መስመር እንደ ነጭ ይታያቸዋል። ጥቁር በነጭ አድርጉት። የኢኤኤን-13 መደበኛ መጠን በ37.29 በ25.93 ሚሊሜትር ነው፤ ከ80 በመቶው በታች አታሳንሱት። ግራና ቀኙን ባዶ ተዉት። ፓኬቱ የሚታጠፍበት ላይ አይለጠፍ። በትንሽ ክብ የማር ጠርሙስ ላይ ደግሞ መስመሮቹ እንደ መሰላል ደረጃ አግድም ይሁኑ፤ ካልሆነ ጠርዞቹ ዞረው ይደበቃሉ።

ለካርቶን አይቲኤፍ-14 የሚባል ባርኮድ አለ፤ ሸካራ ካርቶን ላይ ቢታተምም ይነበባል። መጋዘን ውስጥ ጆንያ ለመለየት ኮድ 128 የሚባለውን ባርኮድ እመርጣለሁ፤ ፊደልም ቁጥርም ይይዛል። መድኃኒት ላይ የምታዩት ትንሽ ነጠብጣብ ካሬ ዳታ ማትሪክስ ይባላል፤ የምርት መለያና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን መያዝ ይችላል። የአውሮፕላን የወረቀት ቦርዲንግ ፓስ ላይ ያለው ሰፊው ኮድ ፒዲኤፍ417 ነው።

ኪውአር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1994 ዴንሶ ዌቭ የተባለው ኩባንያ ጃፓን ውስጥ ለመኪና ዕቃ መከታተያ የሠራው ነው። ሲሠራ ከፍተኛው የስህተት ማረሚያ ደረጃ ከተመረጠ እስከ 30 በመቶው ቢበላሽም ይነበባል። ቡናው ከየት ወረዳ እንደመጣ ለገዢው ስልክ ለመንገር ከሱ የተሻለ የለም። ካሸሩ ጋ ግን ኢኤኤኑን አይተካላችሁም፤ ሁለቱንም አድርጉ።

በብዛት ከማሳተማችሁ በፊት አንዱን በተሞላ ፓኬት ላይ ለጥፉና ዕቃውን ወደምታስገቡበት ሱቅ ውሰዱት። በስልክ ሳይሆን በራሳቸው ስካነር ይሞከር።