ክሌሙ ለምን ተመለሰ? ከምልክቱ እስከ መፍትሔው

ውሉን አንብቡ፣ ልዩ ሁኔታዎቹን (ለዚያው ፕሮጀክት ብቻ የተጻፉትን የውል አንቀጾች) እዩ እያልኩ አላሰለቻችሁም። ያንን ሳያደርግ ክሌም፣ ማለትም የኮንትራክተሩን የተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ ጥያቄ፣ የሚጽፍ ሰው ካለ ይቺን ጽሑፍ ትቶ ወደ ውሉ ይመለስ።

ምልክት፦ መብቱ የእናንተ ነው፣ አማካሪው (ውሉ "ኢንጂነሩ" የሚለው) ግን በሁለት መስመር "ጊዜው አልፏል" ብሎ መለሰው።

ደጋግሞ እጄ ላይ የሚመጣው ይሄ ነው። ምክንያቱ የማሳወቂያ ደብዳቤው መዘግየቱ ነው። እ.ኤ.አ. የ1999 የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ (ዓለም አቀፉ የግንባታ ውል ሞዴል) አንቀጽ 20.1 ኮንትራክተሩ ነገሩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን አንስቶ በ28 ቀን ውስጥ ያሳውቅ ይላል። ካላሳወቀ ተጨማሪ ጊዜም ተጨማሪ ገንዘብም የለም። "ማወቅ ከነበረበት" የምትለውን ደግማችሁ አንብቧት። የ2017ቱ እትም 28 ቀኗን አልነካም፤ እንዲያውም አሠሪውንም አስሮባታል።

አንድ የመንገድ ሥራ ላይ አሠሪው የመስመሩን ግማሽ ሳያስረክብ ወራት አለፉ። ግሬደሩም ኤክስካቫተሩም ቆመው ይውላሉ። ፕሮጀክት ማናጀሩን "ጻፍክ ወይ?" አልኩት። "ከኢንጂነሩ ጋር እኮ ጥሩ ነን፣ ለምን ላስቀይመው?" አለኝ። ከዚያ ኢንጂነሩ ተቀየረ። አዲሱ የሚያውቀው ፋይሉ ውስጥ ያለውን ብቻ ነበር። የመዘግየት ቅጣቱ ግን ከክፍያው ላይ ተቆረጠ።

ሌላው ደግሞ ይባስ። ደብዳቤው በ20ኛው ቀን ተፈርሟል፤ የገቢ ማህተሙ የ31ኛው ቀን ነው። በመሃል የት ከረመ? የሹፌሩ መኪና ውስጥ!

መፍትሔው አንድ ገጽ ነው። ምን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ጻፉ፤ የክሌም ማሳወቂያ መሆኑንም ርዕሱ ላይ አስቀምጡ። ሒሳቡ እስኪሠራ አትጠብቁ፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡና ማስረጃው ያለበት ዝርዝር ክሌም በ1999ኙ 42 ቀን፣ በ2017ቱ 84 ቀን አለው። ልብ በሉ፣ ይሄም የሚቆጠረው ካወቃችሁበት ቀን ነው፤ ደብዳቤ ካስገባችሁበት አይደለም። "ቃለ ጉባኤ ላይ ተነስቷል" ብላችሁም አትተኙ። ልዩ ሁኔታው ቀኑን አሳጥሮት እንደሆነም እዩ። ኮፒያችሁ ላይ ማህተም ሳታስመቱ አትመለሱ።

ምልክት፦ መብቱ ተፈቀደ፣ ገንዘቡ ግን እዚህ ግባ የማይባል ነው።

ዕለታዊ መዝገብ የለም። "ማሽኖች ቆመው ነበር" ማለት ምንም ማለት አይደለም። የትኛው ማሽን፣ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ለምን? በየቀኑ ጻፉ፣ የአማካሪውን ተቆጣጣሪ አስፈርሙ። አልፈርምም ካለ በማግስቱ በደብዳቤ ላኩለት። ከስድስት ወር በኋላ በአንድ ቀለምና በአንድ እጅ የተሞላ መዝገብ ደግሞ ገና ከሩቁ ያስታውቃል፤ አትድከሙ። አንዱ የቆሙ ማሽኖቹን ከነነዳጃቸው አስልቶ አመጣልኝ። የቆመ ማሽን ነዳጅ አይጠጣም! እንዲህ ያለ አንድ መስመር ትክክለኛውን ሒሳብም ያስጠረጥራል።

ምልክት፦ ሥራው ተሠርቷል፣ "ማን አዘዘህ?" ተባለ።

የቃል ትእዛዝ ነው። በ1999ኙ አንቀጽ 3.3 መሠረት በ2 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ አረጋግጡት። ኢንጂነሩ በሚቀጥሉት 2 የሥራ ቀናት ካልተቃወመ እንደ ጽሑፍ ትእዛዝ ይቆጠራል።

ምልክት፦ ብዙ ወር ተጠይቆ ጥቂት ቀን ተሰጠ።

የዘገየው ሥራ የፕሮጀክቱን ማብቂያ አልገፋውም፣ ወይም በዚያው ሰሞን ራሳችሁም ዘግይታችኋል። ስኬጁሉን ወቅታዊ አድርጉ።

ምልክት፦ ክሌሙ ገብቷል፣ መልስ የለም።

ይሄ የአማካሪው ጥፋት ነው። አንዳንዴ ድሮዊንጉን ያዘገየው ራሱ ስለሆነ መልሱ ይከብደዋል። እሱ ዝም ሲል የኮንትራክተሩ ካሽ ይደርቃል፣ ሲሚንቶ የሚያቀርበው ዱቤ ይከለክላል፣ ሠራተኛው ይበተናል። ከዚያ ሥራው ይጓተትና ሁለተኛው ክሌም ይወለዳል። በ1999ኙ ኢንጂነሩ ዝርዝሩ በደረሰው በ42 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ቀኑን ቁጠሩ፤ ሲያልፍ አስታውሱት፣ እሱንም በጽሑፍ።