የቆሽት ብግነት ታማሚ የካሎሪ ስሌት አልገጥም ሲል

ስሌቱ ወረቀት ላይ ልክ ነው፤ ታማሚው ላይ ግን አይሠራም። እንዲህ ሲሆን ብዙዎች ቀመሩን መቀያየር ይጀምራሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው ቀመሩ ውስጥ ምን እንደገባ ነው።

(ሕመሙ ቀላል ከሆነ ይህን ሁሉ ጣጣ እርሱት። ሲርበው ይብላ። ችግሩ ያለው በጠናበት ታማሚ ላይ ነው።)

ችግር፦ የካሎሪው ፍላጎት በየቀኑ ያድጋል

አጣዳፊ የቆሽት ብግነት ሲጀምር በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ይሰጣል። 70 ኪሎ ሆኖ የገባ ሰው በአራተኛው ቀን 78 ሊመዝን ይችላል። ስምንቱ ኪሎ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ምግብ አይጠይቅም። በኪሎ 25 ኪሎካሎሪ ካባዛችሁት 1,950 ይመጣል። ትክክለኛው 1,750 ነው።

መፍትሄው ከመታመሙ በፊት የነበረውን ክብደት መውሰድ ነው። ካርዱ ላይ ከሌለ ቤተሰቡን ጠይቁ።

ችግር፦ ምግቡ በልክ ነው፣ ትራይግሊሰራይዱ (የደሙ ቅባት) ግን እየወጣ ነው

ፓምፑን እዩት። ማደንዘዣው ፕሮፖፎል ከሆነ የሚንጠባጠበው ነጭ ነገር 10 በመቶ ቅባት ነው፤ በሚሊሊትር 1.1 ኪሎካሎሪ አለው። በሰዓት 15 ሚሊሊትር ከሄደ በቀን 396 ኪሎካሎሪ ይሆናል። ከጎኑ አንድ ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ ካለ ሌላ 170 ጨምሩ። ድምሩ 566፣ የታማሚው ፍላጎት ሲሶ ገደማ! መድኃኒት ነው ተብሎ ግን ማንም ከምግብ አይቆጥረውም።

ይህን ከዕለቱ ካሎሪ ቀንሱ። ሲቀንሱ የሚረሳው ፕሮቲኑ ነው፤ በቱቦ የሚሄደው ምግብ ሲያንስ እሱም አብሮ ያንሳል። በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም እንዲደርስ ፕሮቲን የበዛበትን ምግብ ምረጡ። ትራይግሊሰራይዱ አሁንም ካልወረደ ማደንዘዣውን ስለመቀየር ሐኪሙን አነጋግሩ።

የደም ስኳር ብቻውን ቢወጣ ግን «ምግብ በዝቶበታል» ለማለት አትቸኩሉ። የታመመው ኢንሱሊን የሚያመርተው ቆሽት ራሱ ነው።

ችግር፦ ምግብ በተጀመረ በሁለት ሦስት ቀን ፎስፌት (ደም ውስጥ ያለ ማዕድን) ወረደ

ለቀናት ምንም ያልቀመሰ ወይም ለረጅም ጊዜ መጠጥ የጠጣ ሰው ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው። ግሉኮስ ሲገባ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ወደ ሴል ይሸሻሉ። ካሎሪውን ለጊዜው ቀንሱ፣ የጎደለውን ተኩ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ግን ከምግቡ መቅደም ነበረበት።

ችግር፦ ሁሉም ተስተካክሎ ታማሚው ይከሳል

የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ጊዜው አልፎበት ይሆናል። ትኩሳትና የተበከለ የሞተ ቲሹ ፍላጎቱን ከፍ ያደርጉታል፤ ማደንዘዣና የመተንፈሻ ማሽን ዝቅ ያደርጉታል። ኢንዳይሬክት ካሎሪሜትሪ (ከሚተነፍሰው አየር ተነስቶ ታማሚው የሚያቃጥለውን ካሎሪ የሚለካ ማሽን) ካላችሁ ለኩ። የሚሰጠው ኦክስጅን ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ ወይም ከመተንፈሻ ቱቦው አየር የሚያፈስ ከሆነ ግን ውጤቱን አትመኑት። ማሽኑ ከሌለ ሁኔታው በተቀየረ ቁጥር ስሌቱን እንደ አዲስ ሥሩት።