የወር አበባሽ ሲቀር ከየት ትጀምሪያለሽ?

"የወር አበባዬ ቀረ፤ ምን ልጠጣ?" ተብላ ያልተጠየቀች ሴት ያለች አይመስለኝም። መልስ ደግሞ አይጠፋም፤ አንዷ ዝንጅብል ትላለች፣ ሌላዋ ቀረፋ፣ ሦስተኛዋ ስሙን በቅጡ የማታውቀውን ቅጠል። መልሶቹ ሁሉ ግን አንድ እምነት ላይ የቆሙ ናቸው፦ ደሙ ውስጥ አለ፣ መውጫ አጥቷል፣ ስለዚህ ይገፋ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የወር አበባ የሚቀረው በአብዛኛው ደሙን የሚያዘጋጀው ሥራ ስለዘገየ ወይም ጭራሽ ስላልተጀመረ ነው። ያልተዘጋጀ ነገር በመጠጥ አይወጣም። ስለዚህ ሥራው ለምን እንደዘገየ እንፈልግ።

መጀመሪያ ቁጠሪ

ቀረ ከሚባለው የወር አበባ ውስጥ ብዙው፣ ቆጠራው ሲስተካከል አልቀረም። የሚቆጠረው ደሙ ካቆመበት ሳይሆን ከጀመረበት ቀን ነው። ልብስ ላይ ጠብታ ብቻ የታየበት ቀን አይገባም፤ ደህና አድርጎ መፍሰስ የጀመረበት ቀን 1 ይባላል፣ ቀጣዩ እስኪጀምር ያለው ሁሉ አንድ ዑደት ነው። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን የሚፈጅ ዑደት ጤነኛ ነው። የወር አበባ ካዩ ጥቂት ዓመት ብቻ ለሆናቸው ልጃገረዶች እስከ 45 ቀን ቢሄድም አያስደነግጥም። 28 ቀን የሚባለው አማካይ እንጂ ሕግ አይደለም።

ከዚህም በላይ የሚጠቅመው የራስሽን ታሪክ ማወቅ ነው። ያለፉት ዑደቶቿ 27፣ 33፣ 29፣ 34፣ 30 ቀን የሆኑባት ሴት 34ኛው ቀን ላይ ብትሆን ገና አልዘገየባትም። 27፣ 28፣ 27፣ 28 እያለ የሚመጣላት ሴት ግን በዚያው ቀን ላይ በእርግጥ ዘግይቶባታል። ቀኑ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ሁለት። እኔ ለዓመታት በጭንቅላቴ ነበር የምይዘው፤ በጣምም እተማመን ነበር። አንድ ቀን ሐኪም ፊት ተቀምጬ "የመጨረሻው መቼ ነበር?" ስባል "እ... ወር አካባቢ" ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ላይ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ እመዘግባለሁ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ከዚያ እርግዝናን አጣሪ

ግንኙነት አድርገሽ ከሆነ ይህን እርምጃ አትዝለይው፤ "አይመስለኝም" ማጣሪያ አይደለም። መከላከያ እድሉን ይቀንሰዋል እንጂ ዜሮ አያደርገውም። ትንሽ ደም ማየትም ማረጋገጫ አይሆንም፤ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ጠብታ ደም የሚያዩ ሴቶች ጥቂት አይደሉም።

በቤት የሚደረገው የሽንት ምርመራ የሚፈልገው ኤችሲጂ የተባለ ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን ሽንት ውስጥ የሚገኘው ጽንሱ ማህፀን ላይ ከተጣበቀ በኋላ ስለሆነ ቀድመሽ ከተመረመርሽ እርግዝናው እያለ "የለም" ሊልሽ ይችላል። ትክክለኛው ጊዜ የወር አበባሽ መምጣት ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ቀኑን የማታውቂ ከሆነ ያለ መከላከያ ካደረግሽው የመጨረሻ ግንኙነት 21 ቀን ቆጥረሽ ተመርመሪ። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሻላል፤ ሌሊቱን ሙሉ የተጠራቀመ ስለሆነ ሆርሞኑ ይበረታል። ቀድሞ ብዙ ውኃ መጠጣት ግን ያቀጥነዋል።

ንባቡ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከመመርመሪያው ጋር ባለው የመመሪያ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቂ፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ከሁለቱ መስመሮች አንዱ የፈዘዘ ቢሆንም በሰዓቱ ከታየ እርግዝና አለ ማለት ነው፤ ፈዛዛ ነው ተብሎ በግማሽ አይቆጠርም። ጥለሽው ሄደሽ ከሰዓታት በኋላ ስትመለሺ የታየ መስመር ግን ዋጋ የለውም፤ ሽንቱ ሲደርቅ የሚተወው ምልክት ሊሆን ይችላል። ውጤቱ "የለም" ሆኖ የወር አበባው አሁንም ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው። የድንገተኛ መከላከያ እንክብል ወስደሽ ከሆነ መዘግየቱ ከእሱ ሊሆን ይችላል፤ ከ7 ቀን በላይ ከዘገየ ግን ተመርመሪ።

አንድ ነገር ላይ ቀልድ የለም። የወር አበባሽ ቀርቶ ከሆድሽ በታች በአንድ ወገን የሚወጋ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት ከመጣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ተረጂ

እርግዝና ካልሆነ ጉዳዩ ከማህፀን ይልቅ ከአንጎል ይጀምራል። ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል በየተወሰነ ደቂቃ ምት ያለው መልእክት ይልካል። መልእክቱን የምትቀበለው ከሥሩ ያለችው ፒቱታሪ እጢ ናት፤ እሷ ደግሞ ኦቫሪዎችን ታዝዛለች። ኦቫሪዎቹ እንቁላል እያሳደጉ ኤስትሮጅን ያመነጫሉ፣ በኤስትሮጅኑም የማህፀን ግድግዳ ይወፍራል። እንቁላሉ ሲለቀቅ ፕሮጄስትሮን ይከተላል። ጽንስ ካልተፈጠረ ፕሮጄስትሮኑ ይወርድና የወፈረው ግድግዳ ተላቅቆ ይፈሳል። የወር አበባ ማለት ይኼው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ ደሙ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ብዙም አይለጠጥም። የሚለጠጠው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ስለዚህ ዛሬ የዘገየብሽ የወር አበባ በአብዛኛው የዛሬ ችግር ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት የዘገየ እንቁላል ነው። "አሁን ደህና ነኝ፣ አልተጨነቅሁም፣ ታዲያ ለምን ቀረ?" የምትል ሴት ወደ ኋላ ቆጥራ ያ ሳምንት ፈተና፣ ሐዘን፣ ትኩሳት ወይም ረጅም ጉዞ የነበረበት መሆኑን ስታገኝ ነገሩ ይገለጥላታል።

"ቆሻሻ ደም ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ" የሚባለውም ከዚህ ተነሥቶ ሊታይ ይችላል። ግድግዳው ካልወፈረ የሚጠራቀም የለም። በእርግጥ ደም የሚታገድበት ሁኔታ አለ፤ የወር አበባ ፈጽሞ አይታ የማታውቅ ልጅ በየወሩ ሆዷን የሚቆርጣት ከሆነ መውጫው ተፈጥሮ በተወ ቆዳ የተዘጋ ሊሆን ይችላል። እሱም በሐኪም እንጂ በመጠጥ አይከፈትም።

ያለፉትን ወራት መለስ ብለሽ እይ

አሁን ራስሽን ጠይቂ። ጡት እያጠባሽ ነው? ማጥባት እንቁላል እንዳይለቀቅ ስለሚከለክል ለወራት መቅረቱ የሚጠበቅ ነው። በመርፌ፣ በክንድ ቆዳ ሥር በሚቀበረው ወይም ሆርሞን ባለው ሉፕ እርግዝናን ትከላከያለሽ? በየሦስት ወሩ መርፌ ከሚወስዱ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ከአንድ ዓመት በኋላ ደም ማየት ያቆማሉ፤ ግድግዳው ስለሚሳሳ ነው እንጂ የሚጎዳ ነገር የለውም። መርፌውን ካቆምሽ በኋላም እስኪመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ክብደትሽ በአጭር ጊዜ ቀንሷል? ስፖርት አብዝተሽ ምግብ አሳንሰሻል? አንጎል ምግብ የማይበቃበትን ሰውነት ለእርግዝና አያዘጋጅም፤ ያን መልእክት ማቀዝቀዝ ይጀምራል። ይህ የቀጫጮች ብቻ ችግር አይደለም። ኤስትሮጅን ለወራት ሲወርድ አጥንትም አብሮ ይሳሳል፤ ስለዚህ "ለስፖርተኛ ያለ ነው" ብሎ ማለፍ ስህተት ነው።

ፊትና አገጭ ላይ ፀጉር መብቀል፣ የማይለቅ ብጉር፣ በዓመት ከ8 ጊዜ ያነሰ የወር አበባ ካለ ፒሲኦኤስ የተባለው የሆርሞን መዛባት ይጠረጠራል። ሳታጠቢ ከጡትሽ ወተት መሰል ፈሳሽ ከወጣ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ከፍ ብሎ ይሆናል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሆርሞን መብዛትም ማነስም ዑደትን ያዛባል። አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሪስፐሪዶን፣ ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህን ስላነበብሽ ግን መድኃኒትሽን በራስሽ አታቋርጪ። ዕድሜሽ ከ45 ካለፈ ማረጥ እየተቃረበ ሊሆን ይችላል።

በቤትሽ የምትችይውን አድርጊ

ተፈጥሯዊ መንገድ የምለው መንስኤውን ማንሳት ነው፤ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት አይሆንም። እንዲያውም ለአንዷ የሚታዘዘው ለሌላዋ ተቃራኒው ነው።

ምግብ አሳንሰሽ ወይም ስፖርት አብዝተሽ ከሆነ መድኃኒትሽ መብላት ነው። ልዩ ምግብ የለውም፤ ቁርስ ሳይዘለል፣ ስብም ሳይሸሽ፣ በቂ ሆኖ። ስፖርቱንም ለጊዜው ቀንሺው። ብዙ ሴቶች የሚያቅታቸው ይኼ ነው፤ ክብደት መጨመር ሕክምና ነው ሲባል ማን ያምናል? ፒሲኦኤስ ኖሮብሽ ክብደትሽ ከፍ ያለ ከሆነ ግን በተቃራኒው ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻውን ዑደቱን ሊመልሰው ይችላል። ለ80 ኪሎ ሴት ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ነው፤ ሌላ ሰው መሆን አያስፈልግም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃም የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን በደንብ እንዲሠራ ስለሚያግዝ ኪሎው ባይቀንስም ይጠቅማል።

እንቅልፍ ለሁሉም ነው። ሌሊት በፈረቃ የሚሠሩ ሴቶች ዑደታቸው ሲዛባ ይታያል። ከ7 ሰዓት ያላነሰ፣ በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ሰዓት ተኚ። ጭንቀትን በተመለከተ "አትጨነቂ" ከሚል ምክር የከፋ የለም። የሚያስጨንቀው ነገር ከታወቀ ከሱ አንዱን ማቃለል፣ ካልተቻለ ከባለሙያ ጋር መነጋገር አንዳንድ ሴቶች ላይ ዑደቱን እስከመመለስ ደርሷል።

ይህ ሁሉ በሳምንት ውጤት አያሳይም፤ ከ3 እስከ 6 ወር ስጪው። በዚህ መሃል ግን አትዘናጊ፤ እንቁላል የሚለቀቀው ከደሙ በፊት ስለሆነ የወር አበባ ሳይመለስ ማርገዝ ይቻላል። መውለድ ካልፈለግሽ መከላከያሽን አትተዪ።

የማይደረገው

ዝንጅብልና ቀረፋ በሻይ ቢጠጡ የሚጎዱ አይደሉም። ዝንጅብል ለወር አበባ ሕመም ጥቂት እንደሚረዳ የሚያሳዩ ጥናቶችም አሉ፤ የቀረን የወር አበባ ያመጣል የሚለው ግን ማስረጃ የለውም። በብዛት የሚወሰድ ቫይታሚን ሲም እንዲሁ፤ ትርፉ ተቅማጥ ነው፣ ሲብስም የኩላሊት ጠጠር። ከሁሉ የሚከፉት "ያወርዳል" ተብለው የሚሸጡ ቅጠሎችና ዘይቶች ናቸው። የናና ዘመድ የሆነው የፔኒሮያል ዘይት ጉበት አቃጥሎ ሰው ገድሏል። እርግዝናሽን ሳታጣሪ እንዲህ ያለ ነገር መጠጣት ደግሞ ሁለት አደጋ በአንድ ኩባያ ነው።

ወደ ሐኪም የሚኬድበት ጊዜ

በመደበኛነት ይመጣልሽ ከነበረ ለ3 ወር፣ ድሮም ይዛባብሽ ከነበረ ለ6 ወር ከቀረ ሂጂ። 15 ዓመት ሞልቷት ጭራሽ ያላየች፣ ወይም በ13 ዓመቷ ጡት ማጎጥጎጥ ያልጀመረች ልጅም ትታይ። ከ40 ዓመት በታች ሆነሽ ድንገት ሰውነትሽን የሚያጥለቀልቅ ሙቀት ካስቸገረሽ፣ ወይም ራስ ምታት ከእይታ መጥበብ ጋር ከመጣ፣ ያን ያህል አትጠብቂ። ወልደሽ ብዙ ደም ፈሶሽ ከዚያ ወተትም የወር አበባም ከጠፋ ይህን ለሐኪሙ በግልጽ ንገሪ፤ ፒቱታሪ ተጎድታ ሊሆን ይችላል።

የመዘገብሻቸውን ቀኖች፣ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የክብደትሽን ለውጥ ይዘሽ ሂጂ። የእርግዝና ምርመራ እንደገና ይደረጋል፣ ቅር አይበልሽ። ቀጥሎ በደም የታይሮይድ፣ የፕሮላክቲንና የኦቫሪን ሁኔታ የሚያሳዩ ሆርሞኖች ይታያሉ፤ አስፈላጊ ከሆነ አልትራሳውንድም።

አንዳንዴ ሐኪሙ ፕሮጄስትሮን መሰል እንክብል ለ10 ቀን ገደማ ያዝዛል፤ ሲያበቃ ደም ይመጣ እንደሆነ ይጠበቃል። ከመጣ ኤስትሮጅን ነበረ፣ ግድግዳውም ወፍሮ ነበር፣ የጎደለው የእንቁላሉ መለቀቅ ብቻ ነው። ፒሲኦኤስ ያለባቸው ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ እነሱ ግድግዳው ሳይወርድ እየወፈረ እንዳይቆይ ቢያንስ በየ3 ወሩ ደም ማየት ይኖርባቸዋል። ካልመጣ ወይ ኤስትሮጅኑ ዝቅ ብሏል፣ ወይ መንገዱ ላይ ችግር አለ፤ ለምሳሌ ማህፀን በመሣሪያ ከተጠረገ በኋላ ግድግዳው ጠባሳ ይዞ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ይህን እንክብል በራስሽ ገዝተሽ "አመጣሁት" ብትይ ደሙ ይመጣ ይሆናል፤ ከደሙ መምጣት ወይም መቅረት ሊነበብ የነበረውን ግን የሚያነብልሽ አይኖርም።